ሃይብሪድ መጥበሻ በድሬዳዋና በሐረር ኩሽና፦ ዋጋውን ያወጣል ወይ?

ውስጣቸው እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን መስመር የተሞላ፣ «በብረት ማንኪያ ቢማሰልም አይጫርም፣ ምግብም አይይዝም» የሚባልላቸው መጥበሻዎች ሃይብሪድ ይባላሉ። ስማቸውን በዓለም ገበያ ያስተዋወቀው ሄክስክላድ የተባለው ምርት ነው፤ ዛሬ ግን ተመሳሳዩን የሚሠሩት ብዙ ናቸው። ዋጋቸው ከተራው ኖንስቲክ (ምግብ እንዳይዝ ገጹ በሙሉ ሽፋን የተቀባ) መጥበሻ ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ በዘመድ ሻንጣ ከማስመጣትዎ ወይም ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ወርደው ከመግዛትዎ በፊት ጥቂት ነገር ማጣራት ይገባል።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ሃይብሪድ መጥበሻ ለሁሉም ቤት የሚሆን ዕቃ አይደለም። እንቁላል ላይ ከተራው ኖንስቲክ ያንሳል፤ ጥብስ ላይ ደግሞ ከወፍራም ስቲል ወይም ከከባድ ብረት መጥበሻ ያንሳል። የሚጠቅመው ሁለቱንም ሥራ በአንድ ዕቃ መጨረስ ለሚፈልግና እሳቱን ከፍና ዝቅ ማድረግ ለሚችል ሰው ነው። በከሰል ለሚሠራ ቤት አንመክረውም። ምክንያቱ ከታች አለ።

ከፍለው የሚወስዱት ምንድን ነው?

ደህናው ሃይብሪድ መጥበሻ ሦስት ድርብ ነው። ከእሳቱ ጋር የሚገናኘው ማግኔት የሚይዝ ስቲል፣ መሐሉ አሉሚኒየም፣ ምግቡ የሚያርፍበት ደግሞ የማይዝግ ስቲል ነው። አሉሚኒየም ሙቀትን ከማይዝግ ስቲል ከ10 እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ስለዚህ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ተከማችቶ ሽንኩርቱን በአንድ ወገን አያሳርረውም። ርካሾቹ ላይ አሉሚኒየሙ ሥሩ ላይ ብቻ ስለሚለጠፍ ጎኑ ይሳሳል፣ ዳር ዳሩም ቶሎ ያራል።

ምግብ በሚያርፍበት ገጽ ላይ ከፍ ከፍ ያሉ መስመሮች አሉ። የማያሲዘው ሽፋን የሚቀመጠው በመስመሮቹ መካከል ባለው ጎድጓዳ ላይ ነው። ማንኪያው በመስመሮቹ ጫፍ ላይ እየተንሸራተተ ስለሚሄድ ጎድጓዳው ውስጥ ያለውን ሽፋን አያገኘውም። የቢላዋ ጫፍና የሹካ ጥርስ ግን ይገባሉ፤ ስለዚህ «አይጫርም» የሚለው ለማንኪያና ለጠፍጣፋ መገልበጫ እንጂ ለሹል ነገር አይሠራም።

ድክመቱም የሚመጣው ከዚሁ አሠራር ነው። ምግቡን መጀመሪያ የሚነኩት መስመሮቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሽፋን የሌላቸው ራቁት ስቲል ናቸው። ያለ ዘይት እንቁላል ቢሰብሩበት ይይዛል። ማስታወቂያው ላይ እንቁላሉ ሲንሸራተት ያዩት ቅባት ስላለበት ነው።

የሽፋኑን ዓይነት ካርቶኑ ላይ ይፈልጉ። አንደኛው ፒቲኤፍኢ ነው፤ በ1938 ሮይ ፕላንኬት ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ያገኘው፣ ቴፍሎን በሚል የንግድ ስም የምናውቀው ማለት ነው። ሁለተኛው ሴራሚክ ነው። ሴራሚኩ ከፍ ያለ ሙቀት ይችላል፤ ማንሸራተቱን ግን ከፒቲኤፍኢ ቀድሞ ያጣል። ካርቶኑ ላይ «ፒኤፍኦኤ የለበትም» የሚል ጽሑፍ ቢያዩ ሽፋኑ ሴራሚክ ነው ማለት አይደለም። ፒኤፍኦኤ ቴፍሎን ሲመረት ይገባ የነበረ ሌላ ኬሚካል ነው፤ የአሜሪካ ትላልቅ አምራቾች እስከ 2015 ድረስ አስወጥተውታል። ያ ጽሑፍ ያለበት መጥበሻ አሁንም ፒቲኤፍኢ ሊሆን ይችላል።

በምን እሳት ነው የሚሠሩት?

ውሳኔውን ከሁሉ በላይ የሚወስነው ይህ ጥያቄ ነው፤ ገዢዎች ግን ብዙ ጊዜ ሳይጠይቁት ያልፋሉ።

ፒቲኤፍኢ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መጎዳት ይጀምራል፤ ወደ 350 ሲጠጋ ደግሞ ፈርሶ መጥፎ ጭስ ያወጣል። ጭሱ ሰው ላይ እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ያመጣል፣ ቤት ውስጥ የሚረባ ወፍን ይገድላል። በደንብ የጋመ ከሰል ፍም ከ600 ዲግሪ በላይ ነው። ባዶ መጥበሻ እንዲህ ያለ ፍም ላይ ጥደው ሽንኩርት መክተፍ ቢጀምሩ፣ ከትፈው ሳይጨርሱ ሽፋኑ ከልኩ አልፎ ይጠብቅዎታል። ከሰልን ደግሞ ቁልፍ አዙሮ መቀነስ አይቻልም። መብራት ሲጠፋ ወደ ከሰል የሚዞር ቤት ከሆነ፣ ከሰል ላይ የሚጣድ ሌላ ዕቃ እንዲኖርዎ ያድርጉ፤ ሃይብሪዱ መብራቱ እስኪመጣ ይቆይ።

ሽቦው በግልጽ የሚታየው የኤሌክትሪክ ምድጃም ችግር አለበት። ብዙዎቹ መቆጣጠሪያ የላቸውም፤ ወይ በርተዋል ወይ ጠፍተዋል። ባዶ መጥበሻ ላዩ ላይ አይተዉ፤ ሙቀቱ በዛ ሲሉ መጥበሻውን አንስተው ያሳርፉት። ሌላም አለ። የመጥበሻው እጀታና ሥር ሁሉ ብረት ስለሆነ፣ ከቦታው የወጣ ሽቦ ሥሩን ከነካ ኤሌክትሪክ እጅዎ ድረስ ይመጣል። ሽቦው ከጉድጓዱ ከፍ ያለ ምድጃ ላይ ይህን መጥበሻ አይጣዱ።

ኢንዳክሽን (መጥበሻውን ራሱን በማግኔት ኃይል የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ) ላይ ደህና ይሠራል፤ ፍጥነቱን ግን ይጠንቀቁ። ከፍተኛው ቁጥር ላይ የተጣደ ባዶ መጥበሻ በአንድ ሁለት ደቂቃ ከልክ ያልፋል። ሁልጊዜ ከመካከለኛው ቁጥር ወይም ከዚያ በታች ይጀምሩ። ቡታጋዝ ከሁሉ ይስማማዋል፤ ነበልባሉ ከሥሩ አልፎ ጎኑን እንዳይልሰው ብቻ ይቀንሱት።

በሳምንት ምን ይጠብሳሉ?

ወረቀት ይዘው አንድ ሳምንት የሚጠብሱትን ይጻፉ። መልሱ ከዚያ ይወጣል።

ጥብስ የሚበዛበት ቤት ተጠቃሚ ነው። የግመል ሥጋ የሚወድ የሐረር ቤት በተለይ፤ ሥጋው ስብ ስለሚያንሰው ተራ ስቲል ላይ ቶሎ ይይዛል፣ ተራ ኖንስቲክ ላይ ደግሞ ሳይቀላ ውሃ አውጥቶ ይቀቀላል። ሃይብሪዱ ላይ መስመሮቹ ሥጋውን ያቀሉታል፣ ጎድጓዳው ሽፋን ደግሞ የተያዘውን ቶሎ ያስለቅቃል። ከድንችና ከአትክልት ጋር የሚጠበስ ነገር፣ ዓሣ፣ ዱለትም እንዲሁ።

በየማለዳው እንቁላል ፍርፍር ብቻ የሚሠራ ቤት ተራ ወፍራም ኖንስቲክ ይግዛ። ላሆህ ለሚጋግር ቤትም ይኸው ነው፤ ሊጡ ቀጭን ስለሆነ ጎድጓዳዎቹ ውስጥ ይገባል፣ ሲነሳም የመስመሩን ምልክት ይዞ፣ አንዳንዴም ተቀዶ ይነሳል። ፈጢራ ሰፊና ጠፍጣፋ ብረት ይፈልጋል፤ የመጥበሻው ጠርዝ ማጠፉንም መገልበጡንም ያስቸግራል።

ሽሮ፣ ምስር፣ ዶሮ ወጥ የድስት ሥራ ናቸው። ውሃ ያለበት ምግብ የሚይዘው እሳቱ ሲበዛ ወይም ማማሰሉ ሲዘነጋ ስለሆነ፣ መስመር ያለው ሥር ምንም አይጨምርለትም። በዚህም የተነሳ ድስቱን፣ ክዳኑን፣ ትንሹን ትልቁን አንድ ላይ አድርጎ የሚሸጠውን ሙሉ ስብስብ አንመክርም። አንድ መጥበሻ ይበቃል።

ቡና መቁላት በፍጹም አይታሰብ። ቡናው ሲቆላ ፍሬው ራሱ ከ200 ዲግሪ ያልፋል፣ ከሥሩ ያለው ብረት ደግሞ ከፍሬው ይበልጣል፤ ዘይትም ውሃም የለም። አንድ ቀን የሐረር ቡና የተቆላበት ሽፋን ወደ ቀድሞ ለስላሳነቱ አይመለስም። ኮሎና በርበሬ ማመስም ተመሳሳይ ነው። ለዚህ ሥራ የተሠራው ብረት ምጣድ ከየቤቱ አልጠፋም፤ እሱ ይሥራ።

ሒሳቡ

ዋጋው በየሱቁና በየወሩ ስለሚለያይ፣ ከታች ያሉት ቁጥሮች ለማስላት ያህል የተወሰዱ ናቸው። የራስዎን ይተኩባቸው።

በየቀኑ የሚሠራበት ተራ ኖንስቲክ እንደ አያያዙ ከ1 እስከ 3 ዓመት ያገለግላል። 2,000 ብር ገዝተውት 2 ዓመት ቢሠራ፣ በዓመት 1,000 ብር ነው። ከጎኑ ለጥብስ የሚሆን ወፍራም የስቲል መጥበሻ በ6,000 ብር ቢጨምሩና 20 ዓመት ቢቆይ (ሽፋን ስለሌለው ይቆያል)፣ በዓመት 300 ብር። ሁለቱ አንድ ላይ 1,300።

ሃይብሪዱ 16,000 ብር ቢሆንና 8 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 2,000 ብር ይሆናል። በገንዘብ ብቻ ከተመዘነ ሁለቱ መጥበሻዎች ረቱ። ዋጋው 8,000 ብር ቢሆን ግን 6 ዓመት ሲቆይ ወደ 1,330፣ 8 ዓመት ሲቆይ 1,000 ይመጣል። ስለዚህ የእኛ መለኪያ ይህ ነው፦ ሃይብሪዱ ከደህና ተራ ኖንስቲክ 4 እጥፍ ካልበለጠ ይግዙት፤ 8 እጥፍ ከሆነ ሁለቱን ለየብቻ መግዛት ይሻላል። በመካከሉ ያለው በምርጫዎ ነው፤ ኩሽናው ጠባብ ከሆነ፣ ወይም የቤቱ ሰው ሁሉ የብረት ማንኪያ የሚያነሳ ከሆነ፣ አንድ ጠንካራ መጥበሻ መያዝ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው።

«የዕድሜ ልክ ዋስትና» የሚለውን ከሒሳቡ ያውጡት። ዋስትና የሚሠራው የተበላሸውን ተቀብሎ የሚለውጥ ሻጭ በአቅራቢያዎ ሲኖር ነው። ዕቃው በሻንጣ ከመጣ፣ መልሶ የመላኪያው ወጪ ብቻ አዲስ መጥበሻ ሊገዛ ይችላል።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

መስመሩ ቀለም ብቻ የሆነ አስመሳይ መጥበሻ አለ። ገጹ በሙሉ ሽፋን ይቀባና ላዩ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ሥዕል ይታተምበታል። ዓይን ይሸነገላል፤ ስለዚህ በእጅና በመሣሪያ ይፈትሹ።

ጥፍርዎን ገጹ ላይ ይጎትቱ። እውነተኛው ላይ ጥፍር በየመስመሩ ይንቀጫቀጫል፤ ሥዕሉ ላይ ዝም ብሎ ያልፋል። ቀጥሎ ማግኔት ከሥሩ ያስጠጉ፤ አጥብቆ ካልያዘ ኢንዳክሽን ላይ አይሠራም። ክብደቱንም ይመልከቱ፤ ሦስት ድርብ የሆነ 28 ሴንቲ ሜትር መጥበሻ ያለ ክዳኑ ከ1 ኪሎ በላይ ይመዝናል። እንደ ቆርቆሮ ከቀለለዎት ይመልሱት።

ከሁሉ የሚያስተማምነው ግን ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መፈተሻ መሣሪያ ነው። ታይዋን ውስጥ ሞባይልና ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሱቅ ሩቅ አይደለም፤ «አቦ፣ ቴስተር አንዴ አውሰኝ» ቢሉ የሚከለክልዎ የለም። መሣሪያውን ሁለቱ ጫፎቹ ሲነካኩ በሚጮኸው ቦታ ላይ ያድርጉት። አንዱን ጫፍ እጀታው የተበየደበት ወይም የተመታበት ራቁት ብረት ላይ ይያዙ፤ ሌላውን አጋድመው፣ ሳይወጉ፣ የመስመሩ አናት ላይ ያሳርፉት። ስቲል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ሽፋኑ አያስተላልፍም። ስለዚህ፦

- መስመሩ ላይ ጮኾ ጎድጓዳው ላይ ዝም ካለ፣ እውነተኛ ሃይብሪድ ነው።
- ሁለቱም ላይ ዝም ካለ፣ ገጹ በሙሉ ሽፋን ነው። የብረት ማንኪያ አይችልም፤ የተራ ኖንስቲክ ዋጋ ብቻ ይክፈሉ።
- ሁለቱም ላይ ከጮኸ፣ ሽፋን የሌለው፣ መስመር የተቀረጸበት ስቲል ነው።

በመጨረሻ የሱቁ መስታወት ላይ አስቀምጠው ዳር ዳሩን ይጫኑ። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሥሩ ጎብጧል፤ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ ጠፍጣፋ ምድጃ ላይም እኩል አይሞቅም።

መጠኑን በተመለከተ፣ 28 የሚባለው የአፉ ስፋት እንጂ የሥሩ አይደለም። የምድጃዎን ክብ በሜትር ለክተው ከመጥበሻው ሥር ጋር ያስተያዩት። ሥሩ ከምድጃው በጣም ከሰፋ ጠርዙ ላይ ያለው ሥጋ ሳይበስል መሐሉ ያራል። ለአራት አምስት ሰው ቤት 28 ይበቃል።

ከውጭ የሚልክልዎ ዘመድ ካለ ሦስት ነገር በፎቶ ያስልኩት፦ የሽፋኑን ዓይነት የሚናገረውን የካርቶን ጽሑፍ፣ የክብደቱን ቁጥር፣ በሜትር የተለካውን ሥሩን።

ቤት ከገባ በኋላ፦ ማሟሸት

እንደ አዲስ ምጣድ ይህም መሟሸት ይፈልጋል፤ የሚሟሸው ግን በዝግታ እሳት ነው። በሞቀ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና በስፖንጅ ያጥቡ፣ በጨርቅ ያድርቁ። ዝቅተኛ እሳት ላይ ለ1 ደቂቃ ያህል ይጣዱት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረው በጨርቅ ወይም በሶፍት ገጹን በሙሉ፣ ጎኑንም ጭምር ያብሱት። ሌላ 2 ደቂቃ ያቆዩትና አውርደው ያቀዝቅዙት፤ የተረፈውን ዘይት ይጥረጉ። ዘይቱ ሲጨስ ካዩ እሳቱ በዝቷል፤ ወዲያው ያውርዱ። በየጥቂት ሳምንቱ ይህንኑ ይድገሙ፤ ማንሸራተቱ የሚጠበቀው በዚህ ነው።

እንቁላልና ጥብስ እንዴት ይሠራሉ?

ለእንቁላል፦ ከመካከለኛ ዝቅ ያለ እሳት፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ማሞቅ፣ ከዚያ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ለሁለት እንቁላል። ጥቂት ጠብታ ውሃ ሲረጩ ቺስ ብሎ ቶሎ ከደረቀ ጊዜው ነው። እንቁላሉን ከጨመሩ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል አይንኩት። ሥሩ ሲጠና ራሱ ይለቃል፤ ቀድመው ከቆፈሩት መስመሮቹ ላይ ይቀራል። ከማቀዝቀዣ በቀጥታ የወጣ እንቁላልም የበለጠ ይይዛል፣ ትንሽ ቀደም ብለው ያውጡት።

ለጥብስ እሳቱን ወደ መካከለኛ ያሳድጉ። የተረጨው ውሃ ሳይተን ተንከባሎ እንደ ዶቃ ከሮጠ ብረቱ ወደ 200 ዲግሪ ደርሷል፤ ይህ የሚፈለገው ሙቀት ነው፣ ከሽፋኑ ልክ ግን ብዙ አይርቅም። ወዲያው ዘይት፣ ወዲያው ሥጋ። 28 ሴንቲ ሜትር ላይ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ በላይ አይጨምሩ። አንድ ኪሎ ከከመሩበት ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውሃውን ይለቃል፣ ጥብሱ ቅቅል ይሆናል። ሥጋው በጨርቅ ተደርቆ ይግባ። ሽንኩርቱና ቃሪያው ሥጋው ከቀላ በኋላ ይጨመሩ፣ እሳቱም አብሮ ይቀነስ።

ሲበላሽ የሚታየው፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ከጥቂት ወር በኋላ «መያዝ ጀመረ» የሚለው ቅሬታ በጣም የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሽፋኑ አላለቀም፤ ጎድጓዳዎቹ ውስጥ የቀረ ዘይት እሳት በበዛ ቁጥር እየደረቀ ቡናማ ቅርፊት ሠርቷል። ጣትዎን ሲያሻሹበት ይጣበቃል። ውሃ እስከ ግማሽ ሞልተው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩ፣ በዝግታ ለ10 ደቂቃ ያፍሉት፣ ሲበርድ በናይለን ብሩሽ በመስመሮቹ አቅጣጫ ያሹት። ከዚያ እንደገና ያሟሹት። የብረት ሽቦ፣ አሸዋና አመድ አይንኩት፤ ማንኪያ ያልገባበት ጎድጓዳ ውስጥ እነሱ ይገባሉ።

ነጭ ነጭ ነጠብጣብ ሽፋን ተላጠ ማለት አይደለም። የድሬዳዋ ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ያው ቅርፊት እዚህም ያርፋል። አንድ እጅ አቼቶ በሦስት እጅ ውሃ በጥብጠው ለ5 ደቂቃ ያሙቁት፤ አቼቶ ከሌለ የሎሚ ጭማቂ ይሠራል። ታጥቦ በራሱ እንዲደርቅ ከመተው በጨርቅ ማድረቁ ቅርፊቱን ይከላከላል።

ሥሩ ከጎበጠ ሰበቡ በአብዛኛው ትኩስ መጥበሻ ላይ የተደፋ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ይህ አይጠገንም። ከእሳት ያወረዱትን ቢያንስ 10 ደቂቃ ይተዉት።

ጎድጓዳው ውስጥ ሽፋኑ ተነስቶ ብርማ ብረት መታየት ሲጀምር፣ በየትኛው መንገድ እንዳለቀ ይለዩ። እየሳሳ ከጠፋ መጥበሻው እንደ ስቲል ሆኖ ጥብስ መሥራቱን ይቀጥላል፤ ዘይቱን ጨመር ያድርጉ፣ እንቁላሉን ለሌላ ይተዉ። እየተፈረፈረ ምግቡ ውስጥ ጥቁር ቅንጣት የሚጥል ከሆነ ግን ያቁሙት። የተዋጠ የፒቲኤፍኢ ቅንጣት ሰውነት ሳይፈጨው ይወጣል፤ የተጎዳ ሽፋን ግን እሳት ሲነካው ይበልጥ እየተላጠ ይሄዳል፣ ምግብ ማብሰያነቱም እዚያው ያበቃል።